ክሮሙ ቡግር ሲያወጣ

ጥያቄና መልስ ለአሮጌ መኪና ባለቤቶች

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ ክሮም ናቸው። ሞተር ሲበላሽ ሰው መካኒክ ይጠራል። ክሮም ሲበላሽ ግን እቤት ያገኘውን ሁሉ አንሥቶ ይፈገፍጋል፤ ብዙ ጊዜ ከዝገቱ ይልቅ የሚጎዳው ይኸው ፍግፈጋ ነው።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራ የአባቴን ቮልስ እያደስኩ ነው። የፊት ፓራውልቱ ከሩቅ ሲታይ ያበራል፤ ሲጠጉት ግን የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ቡናማ ነጥቦች ሞልተውታል። የሰፈር ሰው አንዱ አመድና ሎሚ፣ አንዱ ኮካ ኮላ፣ ሌላው የሽንት ቤት አሲድ ይለኛል። የቱን ልስማ?
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ የሽንት ቤቱን አሲድ ዛሬውኑ ይርሱት። ብዙዎቹ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለባቸው፤ እሱ ደግሞ ክሮምን ያሟሟል። ትንሽ ካረፈበት ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ፍካት ይጠፋና ቢጫ ቢጫ የሚለው ኒኬል ይቀራል፤ ያ ደግሞ በምንም ፖሊሽ አይመለስም። በረኪናም ለክሮም ጠላት ነው። አመዱ የናስና የመዳብ ዕቃ ሲያጸዳ የኖረ ቢሆንም፣ ውስጡ ያለው ደቃቅ አሸዋ ክሮሙን ይጭረዋል። ኮካ ኮላ ጥቂት ፎስፎሪክ አሲድ ስላለው ስስ ዝገት ያላላል፤ ግን ስኳሩን አጥቦ ማስለቀቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነውና አንመክረውም። ሎሚው ቦታ አለው፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

በመጀመሪያ ነጥቡ ከየት እንደመጣ ይታወቅ። ክሮም ቅብ የምንለው አንድ ሽፋን አይደለም። ከታች የፓራውልቱ ብረት አለ፣ በላዩ ኒኬል፣ አንዳንዴም ከኒኬሉ በታች መዳብ፣ ከሁሉ በላይ ክሮም። መልክ የሚያሳየውን መስታወትነት የሚሰጠው ኒኬሉ ነው፤ ክሮሙ ኒኬሉ እንዳይደበዝዝና እንዳይጫር የሚጠብቅ ስስ ቆዳ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ማይክሮን አይበልጥም። የሰው ጠጉር 70 ማይክሮን ያህል ነው ብንል፣ ክሮሙ የአንዲት ጠጉር መቶኛ እንኳ አይሞላም። ይህ ቆዳ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች አሉት። እርጥበት በስንጥቁ ይገባል፣ ኒኬሉን እየቦረቦረ ይወርዳል፣ ብረቱ ጋ ሲደርስ ብረቱ ይዝጋል። ዝገት ከንጹሕ ብረት የበለጠ ቦታ ይፈልጋልና በገባበት ቀዳዳ ወደ ላይ ይገፋል። እርስዎ የሚያዩት ቡናማ ነጥብ የጭሱ መውጫ ነው፤ እሳቱ ከታች ነው።

ከዚህ የሚከተለውን እንግዲህ በግልጽ እንንገርዎ፦ ጉድጓዱን የሚሞላ ፖሊሽ የለም። በእጅ ሊደረግ የሚችለው ዝገቱን ማውጣት፣ በዙሪያው የተሸፈነውን ደህና ክሮም መግለጥ፣ ቀዳዳውን መድፈንና ጉዳቱ እንዳይቀጥል መግታት ነው። በጥንቃቄ ከተሠራ፣ አንድ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ነጥቦቹን አያያቸውም። የመጀመሪያው የፋብሪካ ክሮም ከግማሽ በላይ ደህና ከሆነ ከማስነከር (በኤሌክትሪክ ገንዳ አዲስ ልባጥ ከማልበስ) ይልቅ ይህን መንገድ እንመርጣለን፤ የፋብሪካው ፓራውልት ቅርጹን እንደያዘ ይቆያልና።

ፓራውልቱን ይፍቱ። መኪናው ላይ እንዳለ የሚሠራ ሥራ ግማሽ ሥራ ነው፤ ምክንያቱን በኋላ ያገኙታል። ዳዶዎቹ ለዓመታት ጭቃ ጠጥተዋልና ማታ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ያጠጡዋቸው፣ ጧት ይፍቱ። እምቢ ያለውን ቡሎን መቁረጥ ፓራውልቱን ከማጣመም ይሻላል። ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በለብታ ውሃ እጠቡት፣ ቅባትና ሬንጅ ካለበት ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክረው ይጥረጉ፣ እንደገና በሳሙና አጥበው ያድርቁ።

አሁን ነጥቡን በጥፍርዎ ይዳስሱት። ጥፍርዎ ጉብ ያለ ነገር ከነካ ዝገቱ ክሮሙ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ደስ ይበልዎ፣ ይለቃል። ጥፍርዎ ስርጉድ ካለ ጉድጓድ ነው። ክሮሙ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ተነሥቶ ጥፍርዎን ከያዘው ግን ኒኬሉ ከብረቱ ተላቋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ማሸት ቅርፊቱን ያሰፋዋል እንጂ አያድነውም።

ለመጀመሪያው ዙር አሉሚኒየም ፎይል ይበቃል። የመዳፍ ያህል ቆርጠው ደብለል ያድርጉት፣ ጥቂት ጠብታ ሳሙና ባለበት ውሃ ይንከሩት፣ በክብ በክብ ቀስ ብለው ይሹ። አሉሚኒየም ከክሮም በጣም የለሰለሰ ስለሆነ ቀስ ተብሎ ከተያዘ ክሮሙን አይጭረውም፤ የዝገቱን ጉብታ ግን ይቆርጠዋል። ውሃው ወዲያው ወደ ቡናማ ጥቁር ለጥ ያለ ጭቃ ይለወጣል። ሳይደርቅ እጠቡት፣ ፎይሉን ይቀይሩ፣ ይቀጥሉ። ደረቅ አይሹ፤ አይጫኑም፤ ሥራው የውሃው እንጂ የክንድ አይደለም። ፎይሉ ያልደፈረውን ባለ አራት ዜሮ (0000) የብረት ሱፍ በቀጭን ዘይት አርሰው ይሞክሩ። ይህ አናጢዎች ቫርኒሽ የሚያለሰልሱበት ደቃቁ ዓይነት ነው። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ግን አንድ አይደለም፤ እሱ የሚተወው ጭረት ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሸረሪት ድር ይታያል።

ሎሚው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የተቀረቀረውን ዝገት ማሸት አይደርስበትም፤ ሲትሪክ አሲድ ይደርስበታል። 50 ግራም የሲትሪክ አሲድ ዱቄት በ1 ሊትር ለብታ ውሃ ይበጥብጡ፤ ዱቄቱ ከሌለ የተጠለለ የሎሚ ጭማቂ ኃይሉ ከዚህ አይርቅም። ለሙሉ ፓራውልት የሚበቃ ሳፋ ስለማይኖር ጨርቅ በውሃው አርሰው ነጥቦቹ ላይ ያልብሱት፣ እንዳይደርቅ በላስቲክ ይሸፍኑት። በየ30 ደቂቃው ገልጠው ይዩ፤ ከ2 ሰዓት በላይ አያቆዩት። አሲዱ ዝገቱን ከጨረሰ በኋላ ወደ ኒኬሉና ወደ ብረቱ ይዞራል፣ በተነሣ ጠርዝ በኩልም ገብቶ ቅርፊቱን ያላቅቃል። ሲያነሡት 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው አሲዱን ያርክሱ፣ በብዙ ንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፣ ወዲያው በጠጉር ማድረቂያ ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ ያድርቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እርጥብ ትቶ ምሳ የሄደ ሰው ሲመለስ አዲስ ብርቱካናማ ዝገት ይጠብቀዋል፤ ከዚያ «ሎሚው አበላሸው» ይላል።

በደንብ ከደረቀ በኋላ በአጉሊ መነጽር ቢያዩት ቡናማው ነጥብ ጠፍቶ በቦታው የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ቀዳዳ ያገኛሉ። በዚህ ቀዳዳ ብር መልክ ያለው የብረት ቀለም በስቴክኒ ጫፍ ጠብ ያድርጉና፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ መዳፍ ላይ በተወጠረ ደረቅ ጨርቅ ፊቱን አንድ ጊዜ ጠረግ ያድርጉት። ከላይ ያለው ይሄዳል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ይቀራል። አንድ ቀን ይድረቅ። ቀጥሎ ሁለት ጊዜ የመኪና ሰም፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል አንድ ሙሉ ቀን።

ፍቱት ያልነው ለምን እንደሆነ ደግሞ ይኸው፦ ከኋላ በኩል ያለው ልባጥ ሁልጊዜ የሳሳ ነው፤ ጎማው የሚወረውረው ጭቃም የሚከማቸው እዚያው ነው። ጀርባውን በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ያጽዱ፣ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ዝገት ቀያሪ ይቀቡና ጥቁር ሆኖ ሲደርቅ ሁለት እጅ አንቲረስት፣ ሁለት እጅ የላይ ቀለም። ሲመልሱት ፓራውልቱና ማቀፊያው በሚገናኙበት ቦታ ስስ የጎማ ሮንዴላ ያስገቡ፤ ብረት ብረቱን እየፈተገ ልባጡን እንዳይገፍፍ።

ጥያቄ፦ የቮልሴ የበር እጀታዎች እሳት የነካው ቆዳ ይመስል አብጠዋል። አንዱን እብጠት ብጫነው ነጭ ዱቄት ወጣ። ዝገት ነጭ ይሆናል?
ከድሬዳዋ

መልስ፦ የብረት ዝገት ነጭ አይሆንም፤ እጀታው ብረት አይደለም። ማግኔት ቢያስጠጉት አይዘውም። ዛማክ የሚባል የዚንክ ቅይጥ ነው። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚፈስስ ስለሆነ ለእጀታ፣ ለፍሬቻ ቤትና ለጌጥ ጽሑፍ ይመረጥ ነበር። ዚንክ ሲበላሽ ነጭ ዱቄት ይሆናል፣ ዱቄቱ ልባጡን ከሥሩ ወደ ላይ ያነሣዋል።

ለዚህ ዕቃ ከላይ ስለ ሎሚ ያልነው ሁሉ አይሠራም። አሲድ ዚንክን ከብረት እጅግ ፈጥኖ ይበላዋል። የቀሩትን እብጠቶች አያፈንዱ፤ የፈነዳ እብጠት ለውሃ በር ይከፍታል። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አጥበው ያድርቁ፣ በስሱ ሰም ይቀቡ፣ በዚያው ይተዉት።

ማስነከር ይቻላል፤ ግን ሥራው ከብረት ይልቅ አድካሚ ነው። አሮጌው ልባጥ ተገፍፎ እያንዳንዱ ጉድጓድ በትራፓኖ በ1 ሚሊሜትር ፑንታ ነጩ ዱቄት አልቆ የሚያበራ ዚንክ እስኪታይ ይጸዳል፤ ጥቂት እንኳ ከቀረ ከዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ያብጣል። ቀጥሎ ሳይናይድ ባለበት የመዳብ ገንዳ የመጀመሪያው መዳብ ይለበጣል። ይህ ንብርብር ከሳሳ፣ ቀጥሎ የሚገባበት የአሲድ መዳብ ገንዳ ዘልቆ ዚንኩን ይበላዋል። ለዚህ ነው ብዙ ባለሙያዎች ዛማክ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩት። ለቮልስ አዲስ እጀታ እስካሁን ስለሚመረት፣ እጀታዎ የተለየ ትዝታ ከሌለው መግዛቱ ያዋጣል። ሲገዙ ዓመቱን ይለዩ፤ እስከ 1967 ሞዴል የነበረው በአውራ ጣት የሚጫን ቁልፍ ያለው ነው፣ ከ1968 ሞዴል ወዲህ ያለው ከውስጥ በጣት የሚሳብ ምላስ ያለው ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ጥያቄ፦ የበሩን ጎን የሚያቋርጠውን ቀጭን ጌጥ በብረት ሱፍ አሸሁት። ይባስ ብሎ ግራጫ ሆነ። ክሮሙን ጨረስኩት?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ክሮም አልነበረም። የቮልስ የጎን ጌጥ አሉሚኒየም ነው፤ ፋብሪካው ፊቱን በኤሌክትሪክ አጠንክሮ ግልጽ መስታወት መሳይ ሽፋን አልብሶታል፤ አኖዳይዝ ይሉታል። የጨረሱት ያንን ሽፋን ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ማግኔት የማይዘው፣ በጣት የሚተጣጠፍና እንደ ላባ የሚቀል ከሆነ አሉሚኒየም ነው።

ሽፋኑ ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ ከቀረ መቼም አንድ መልክ አይይዝም፤ ሁሉንም ማንሣት የግድ ነው። 50 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፤ ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ሶዳው አይጨመርም፤ ያፈላና ፊት ላይ ይረጫል። የፕላስቲክ ሳፋ፣ የጎማ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ፣ ደጅ ላይ። አረፋ ሲጀምር የሚወጣው ሃይድሮጅን ስለሆነ ሲጋራም ሆነ እሳት አይቅረበው። አንድ ሁለት ደቂቃ በቂ ነው፤ አውጥተው በብዙ ውሃ ያለቅልቁ። ከዚያ በውሃ የብርጭቆ ወረቀት 400፣ 800፣ 1500 በቅደም ተከተል፣ ሁልጊዜ በጌጡ ርዝመት አቅጣጫ፤ መጨረሻ የአሉሚኒየም ፖሊሽ። መልኩ ከፋብሪካው በላይ ያበራል፣ ግን ራቁቱን ነው፤ በየሁለት ወሩ ሰም ካላገኘ ይደበዝዛል።

ጥያቄ፦ የ1972 መርሴዲሴን ፓራውልቶች ላስነክር ሁለት ቤት ጠየቅሁ። የዋጋቸው ልዩነት እጥፍ ነው፤ ሁለቱም «ሦስት ንብርብር» ይላሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው?
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ልዩነቱ ከገንዳው በፊት ባለው ሥራ ነው። ክሮም ምንም አይደብቅም፤ ከሥሩ ያለችውን ጭረት ሁሉ ያጎላታል እንጂ። መዳብ፣ ኒኬል፣ ክሮም፤ «ሦስት ንብርብር» ማለት ይኸው ነው፤ ማንም ሊለው ይችላል። ጥያቄው መዳቡ ምን ያህል ወፍራም ነው፣ ከዚያስ ተሞርዷል ወይ ነው። ጥሩ ቤት አሮጌውን ክሮምና ኒኬል በኬሚካል ገፍፎ፣ ጉብጠቱን በመዶሻ አቅንቶ፣ ብረቱን ከሻካራ ወደ ለስላሳ በየደረጃው ይፈትጋል። ከዚያ ወፍራም መዳብ ይለብጥና መዳቡን ራሱን ይፈትገዋል፤ ጉድጓዱ ተሞልቶ እስኪስተካከል ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስበታል። ርካሹ ቤት ጉድጓዱ እስኪጠፋ ብረቱን ይሞርዳል። ፓራውልቱ ያበራል፤ ግን ብረቱ ሳስቷል፣ የጠርዙም ስለት ተበልቷል። መርሴዲስን መርሴዲስ የሚያደርገው ደግሞ ያ ጠርዝ ነው።

ስለዚህ ከመስማማትዎ በፊት ይህን ይጠይቁ። ዕቃው መዳብ ለብሶ ከተፈተገ በኋላ፣ ኒኬል ከመግባቱ በፊት ሄደው ማየት ይችላሉ? ቀይ መዳቡን በብርሃን ዘንበል አድርገው ይዩት፤ እዚያ ላይ የታየች ነጥብ ክሮሙ ላይም ትታያለች። ኒኬሉ ድርብ ነው ወይ? ከታች በከፊል የሚያበራ፣ ከላይ በሙሉ የሚያበራ ኒኬል ሲለበጥ፣ ዝገት ከላይኛው ጋ ሲደርስ ወደ ታች ከመሰርሰር ይልቅ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ብረቱ ጋ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ለፓራውልት ኒኬሉ በጠቅላላ ከ30 እስከ 40 ማይክሮን ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቤቱ መለኪያ ካለው ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ ያጽፉ። ጀርባውስ? ኤሌክትሪኩ ጓዳ ጓዳውን ስለማይደርስ ጀርባው ስስ ሆኖ ይመለሳል፤ ቀለሙን ራስዎ ይቀቡታል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ሁለቱንም ፓራውልት፣ የጎን ክንፎቹንም ጭምር፣ በአንድ ጊዜ በአንድ ቤት ያስነክሩ። የድሮው ገንዳ ባለ ስድስት እጅ ክሮም የሚባለው ነው፤ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ነገር ግን ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠራበት ከልክሏል። እየተካው ያለው ባለ ሦስት እጅ ክሮም ብዙ ጊዜ ትንሽ ጠቆር ይላል። የፊቱ በአንዱ፣ የኋላው በሌላው ከተነከረ ጎን ለጎን ሲቆሙ ዓይን ይለየዋል። ክሮም አሲድ ገዝቶ ጓሮ ውስጥ መሞከር የሚያስብ ካለ፣ እባክዎን አይሞክሩት፤ ከገንዳው የሚነሣው ጉም ሳንባና አፍንጫ ያቆስላል፣ ፍሳሹም ጉድጓድ ውሃ ይመርዛል።

ጥያቄ፦ ክሮም መልክ ያለው የሚረጭ ቀለም አይተካውም?
ከአዳማ

መልስ፦ አይተካውም። ገና ሲረጭ ያምራል፤ ሰም ወይም ቤንዚን ሲነካው ግራጫ ይሆናል፣ ዝገቱም ከሥሩ ይቀጥላል። ኋላ ማስነከር ቢፈልጉ ደግሞ ያንን ቀለም ማስገፈፊያ ይጨመርብዎታል። ገንዘብ እስኪገኝ ንጹሕ አድርጎ ሰም መቀባት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የላዳ 2107 ግሪል ክሮሙ ተላጠ። በፎይል ላሸው?
ከሐዋሳ

መልስ፦ አይሹት፤ ሥሩ ፕላስቲክ ነው። ዝገት የለበትም፣ የተላጠውም ተመልሶ አይጣበቅም። የላላውን ጠርዝ በምላጭ አንሥተው ደረጃውን በ600 የብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱና ሙሉውን ጥቁር ይቀቡት፤ አለዚያ ደህናውን ከሶማሌ ተራ ይፈልጉ። ሲገዙ መገናኛ ጆሮዎቹ እንዳልተሰበሩ ይዩ፤ ከክሮሙ ይልቅ የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ክረምቱን ሙሉ መኪናዬን በሸራ ሸፍኜ አስቀምጬ መስከረም ላይ ስገልጠው ከበፊቱ የባሰ ነጥብ አወጣ። ዝናብ ሳይነካው እንዴት?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ዝናቡ ሳይሆን ላቡ ነው። ላስቲክነት ያለው ሸራ ከመሬት የሚነሣውን እንፋሎት ያግታል፤ ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ክሮሙ ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ቀን ሸራው ሥር አይደርቅም። ሦስት ወር ሙሉ እርጥብ ጨርቅ እንዳለበሱት ይቁጠሩት። ጣሪያ ሥር ከሆነ የሚተነፍስ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። ደጅ ከሆነ ሸራውን መኪናው ላይ ከመጣል በአራት ቋሚ እንጨት ከፍ አድርገው እንደ ድንኳን ይወጥሩት፣ ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ክሮሙን አጥበው አድርቀው ወፈር ያለ ሰም ይቀቡና ሳይወለውሉት ነጭ እንደሆነ ይተዉት፤ መስከረም ላይ በለስላሳ ጨርቅ ያነሡታል።

በረዶ ባለበት አገር፣ ሚኒሶታም ሆነ ስዊድን፣ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ ከሸራው በፊት ጨው አለባችሁ። መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው በክሮሙ ስንጥቅ ገብቶ ኒኬሉን ለመቦርቦር ከዝናብ ውሃ ይልቅ ይፈጥናል። መኪናው ክረምቱን የሚቆም ከሆነ ከመጀመሪያው ጨው በፊት ታጥቦ፣ የፓራውልቱ ጀርባና የቡሎኖቹ ቀዳዳ ጭምር በውሃ ተለቅልቆና ደርቆ ይግባ። የሚነዳ ከሆነ ከዜሮ በላይ በሆነ ቀን ሁሉ በለብታ ውሃ ያለ ሳሙና ያለቅልቁት፤ ሳሙና በብዛት ሰሙን ያነሣዋል።